ውሃ ከሆነ ውሃ ይበሉኝ

አፓም፣ ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ለእህቴ ልጅ ለኤኩዋ፣

እንደምን ከርመሻል? የቦልጋታንጋ አቧራ ሳንባሽን አልጨረሰውም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጆሮዬም እንደ ድሮው ነው፣ ያው የለም ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ጆሮ አለኝ ቢል ማን ያምነዋል። ስትደውዪ ስልኩን የምዘጋብሽ በኩራት እንዳይመስልሽ።

ዓመት ከመንፈቅ ዝም ብለሽኝ ከርመሽ አሁን በአንዲት መስመር ጠየቅሽኝ። ጥያቄሽን እዚህ አልደግማትም፣ አፍሬባታለሁ። መልሱ ግን ይኸው፦ አርባ አንድ ገጽ። የመጀመሪያ መጽሐፍሽን እስከ አርባ አንደኛው ገጽ አነበብኩና እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልገለጥኩትም። ላንቺ ግን «ግሩም ነው፣ ሳትፈሪ ለሰው አቅርቢው» ብዬ ጻፍኩ።

እናትሽን በቀበርን በሦስተኛው ሳምንት ነበር። የሐዘን ልብስሽን ሳታወልቂ ነው ጽሑፉን እጄ ላይ ያኖርሽው። ምን ልበልሽ? እህቴን ቀብሬ ልጇን ደግሞ እኔው ልቅበራት?

ይኼ ግን ሰበብ ነው። በተወለድሽ በስምንተኛው ቀን፣ ስም ሲወጣልሽ፣ እናትሽ ጭን ላይ ተኝተሽ፣ በዚህች ጣቴ ምላስሽ ላይ ውሃ ያንጠባጠብኩት እኔ ነኝ። «ውሃ ካልሽ ውሃ ይሁን» አልኩ፣ ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ አረቄውን። «አረቄ ካልሽ አረቄ ይሁን።» ፊትሽን ስታጨማድጂው ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ እውነትን እንድትለዪ እኔው ያስማልኩሽን እኔው አፈረስኩት። ውሃውን አረቄ ነው ብዬሽ አክራ ድረስ ሄደሽ ጽሑፍሽን በሰው ፊት አቀረብሽ። ያ የአንባቢዎች ማኅበር እንዴት እንደሳቀብሽ ኋላ ሰምቻለሁ፣ ማለቴ ጽፈው አሳይተውኛል።

በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ። አሁንስ ትጽፊያለሽ?

ዎፋሽ ኤቦ


ቦልጋታንጋ፣ ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ለእናቴ ወንድም፣ ለዎፋ ኤቦ፣

ጤና ይስጥልኝ። አቧራው አልገደለኝም፣ ተማሪዎቼ ግን እየሞከሩ ነው። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው መንግሥተ ሰማያት ያለ ጥያቄ ይገባል ይባላል፣ እውነት ይሁን።

አርባ አንድ ገጽ! እኔ እኮ ቢያንስ ግማሹን ደርሰዋል ብዬ ነበር። ደብዳቤዎን አንብቤ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ የጎረቤቴን የጅግራ ወጥ ሄጄ በላሁበት። ስለ ይቅርታው አይቸኩሉ። ይቅር ማለት ለኔም ጊዜ ይፈልጋል፣ እርስዎም ትንሽ ይብሰልሰሉ።

እስከዚያው አንድ ነገር ያድርጉልኝ። በሾፌሩ በያኩቡ እጅ አራት መጻሕፍት ልኬአለሁ። አራቱም የቅርብ ጊዜ ናቸው፤ የጠፈር አለ፣ የዘንዶ አለ፣ የአስማት አለ። ሰው ሁሉ የሚያወራላቸው ናቸው፣ ሁለቱ ሽልማት በልተዋል። ያንብቧቸውና የተሰማዎትን ይጻፉልኝ፣ ሽልማቱን ሳይፈሩ። ምላስዎ ድኖ እንደሆነ ልይ።

ስለ መጻፌ ለጠየቁኝ ግን፣ እጽፋለሁ አልልም፣ አልጽፍም አልልም። እሱን ይተዉት።

ኤኩዋ


አፓም፣ ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ለኤኩዋ፣

ያኩቡ መጻሕፍቱን ከቦዬ ጆንያ ሥር ጭኗቸው ኖሮ ባለ ዘንዶው ጎብጦ ነው የደረሰው። ግድ የለም፣ እሱም ሲነበብ የጎበጠ ነው።

ከሱ ልጀምር። ሰባት መቶ ሃያ ገጽ! መጀመሪያው ላይ ካርታ፣ መጨረሻው ላይ የነገሥታት ዝርዝር። ልጁ ገና ሳይወለድ ዓለምን እንደሚያድን ተተንብዮለታል፣ እኔ ታዲያ ስለምን ልሥጋለት? ሰባት መቶ ገጽ በፈረስ ሲሄዱ ፈረሱ አንዴ እንኳ አላነከሰም። ዘንዶዋ የመጣችው ስድስት መቶ ሰማንያኛው ገጽ ላይ ነው፣ መጥታም ንግግር አደረገች። ያለቀም መስሎሽ እንዳይሆን፣ ገና አንደኛ መጽሐፍ ነው። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፤ እኔ ዘንዶ ስጎረጉር ትንፋሽ ነው ያወጣሁት። ውሃ ነው፣ ያውም ለብ ያለ።

ሁለተኛው ባለ መርከቡ ነው። እዚህ ላይ ማንም አያሞኘኝም። አራት መቶ ዓመት የሚበር መርከብ አለ፣ ሞተሩን የሚነካ አንድ ሰው የለም! አዛዡ መስኮት ላይ ቆሞ ስለ ብቸኝነት ያወራል። ብቸኝነት ምን እንደሆነ ልንገረው? በቢስካይ ባሕር ማዕበል መሐል ፓምፕ ሲቆምብሽ ነው። የማይበላሽ መርከብ የጻፈ ሰው መርከብ አያውቅም፣ ሰውም አያውቅም። ሽልማቱን የሰጡትም ዋና አይችሉም።

ሦስተኛዋ ጠንቋይ ሁሉን ትችላለች። ስትወድቅ ትበራለች፣ ስትሞት ትነሣለች። ጎበዝ ናት፣ ትኑር። የኛ ሠፈር መድኃኒተኛ እንኳ አንዲት ትኩሳት ለማውረድ ዶሮና ሦስት ቀን ይፈልጋል። ውሃ።

አራተኛዋ ያቺ ቀጭኗ፣ ሙታንን በጨው ሐይቅ ላይ የምታሻግረው ቀዛፊ ሴትዮ፣ አንድ ቀን «ይሄንን አላሻግርም» ብላ መቅዘፊያውን የምታስቀምጠው። ኤኩዋ፣ እሷ አረቄ ናት። ጉሮሮዬን ነው ያቃጠለችኝ። ማንም አልሸለማት፣ ማንም አላወራላት፤ አየሽ የሰውን ነገር።

ይኼን ሁሉ ብቻዬን የፈረድኩ እንዳይመስልሽ። ማክሰኞ ባሕር የሚወጣ የለም፣ ቀኑ የባሕሩ ነው፣ ወንዶቹ ዛፉ ሥር መረባቸውን ይጠግናሉ። እኔ ደግሞ በኛ ቋንቋ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ። ድምፄን ስለማልሰማው እጮሃለሁ መሰለኝ፤ አሳ አጫሿ አራባ «ዎፋ ኤቦ ሲያነብ ሙምፎርድ ድረስ ይሰማል» ብላ ጽፋ ሰጥታኛለች። የሚሉትን ባልሰማም እጃቸውን አያለሁ። ነገሩ ካልያዛቸው የመረብ መርፌው ሳያቋርጥ ይሄዳል፤ ከያዛቸው መርፌው ይቆማል። በዘንዶው ጊዜ አንድ መርፌ አልቆመም፣ እንዲያውም ፈጠኑ። በቀዛፊዋ ጊዜ አምስት ቆመ። እስከ ዛሬ የቆጠርኩት ትልቁ ይኸው አምስት ነው።

ዎፋሽ ኤቦ


ቦልጋታንጋ፣ እሑድ፣ መጋቢት 6

ለዎፋ ኤቦ፣

ይቅር ብዬዎታለሁ። ደብዳቤዎን ሳነብ ሞተሩ የማይነካበት መርከብ ላይ ስደርስ ነው ይቅር ያልኩዎት፤ ምክንያቱን አሁን ያዩታል።

ከዚህ ጋር ያለው የታሰረ ወረቀት የኔ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። አዎ፣ እጽፍ ነበር፣ ዋሽቼዎታለሁ፣ ስለዚህ በውሸት እኩል ነን። ዘጠኝ መቶ ሰዎች ከኛ የባሕር ዳርቻ ተነሥተው በመርከብ ወደ ሩቅ ኮከብ ይሄዳሉ። የሞተሩ ነገር ከእርስዎ ወሬ የተሰረቀ ነው።

አሁን በደንብ ይስሙኝ፣ ማለቴ ያንብቡኝ። ውሃ ከሆነ ውሃ ይበሉኝ። አረቄ ከሆነም አረቄ። ለብ ያለ፣ ይሞክራል፣ ተስፋ አለው የሚባል ነገር አልፈልግም። በአክራው ጉዳይ ከተጎዳሁት ሁሉ የባሰብኝ የነሱ ሳቅ አልነበረም። የሚወደኝ ሰው እውነቱን ሊነግረኝ አለመድፈሩ ነው።

የእርስዎን ቃል ሳልሰማ ለማንም አላሳየውም። ውሃ ካሉኝም አስተካክዬ እመለሳለሁ፤ ሁለተኛም ውሃ ካሉኝ ግን ብዕሩን አስቀምጬ ፊዚክሴን አስተምራለሁ፣ የምር።

ኤኩዋ


አፓም፣ ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ኤኩዋ ልጄ፣

ውሃ ነው።

ይችን ቃል ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢኝ።

ሞተሩ ሕይወት አለው። ፓምፑ ሲቆም በሸሚዟ ቧንቧውን ያሰረችው ልጅ፣ እሷን አውቃታለሁ፣ አብሬያት ሠርቻለሁ። የቀረው ግን ከነዚያ ከአራቱ መጻሕፍት የተበደርሽው ነው። ልጆቹን ምን ብለሽ ሰየምሻቸው? ዜርካ! ኦርክሲስ! ማነው ያወጣላቸው? በምን ቀን ተወለዱ? ከኛ ዳርቻ ተነሡ ብለሽኛል፤ ዘጠኝ መቶ የኛ ሰው ባለበት መርከብ ላይ ሕፃን ሲወለድ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ አሮጊት ጠፋ? አንቺ ረቡዕ ባትወለጂ ኤኩዋ ትባዪ ነበር?

ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ ሰዎቹ ከረዥሙ እንቅልፍ ይነቃሉ። ነቅተው ኮከብ ያያሉ። የኔ አያት ብትሆን፣ ኮከቡ ይቅርና ውሃ ሳትለምን ቀኑን ነበር የምትጠይቀው። ደግሞ በገንዳ አሳ ያረባሉ አልሽ፤ ማክሰኞስ ያጠምዳሉ? ማንም አልተጨነቀም! እኔ ነኝ የተጨነቅሁላቸው።

ፈርተሽ ነው። ሩቅ ሲሄዱ የራስን ነገር ጥሎ መሄድ ያለብን መስሎሽ ነው። የፈራሽውም በኔ ውሸት ሰበብ ስለተሳቀብሽ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ መልሶ የኔው ነው። ቢሆንም ውሃ ነው።

 አትጥዪኝ።

ዎፋሽ ኤቦ


ቦልጋታንጋ፣ ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ለዎፋ ኤቦ፣

ሁለት ወር ዝም ስላልኩ ይቅርታ። ሦስቱን ደብዳቤዎን አግኝቻለሁ፤ አልሞትኩም፣ አላገባሁም፣ አልጠላሁዎትም። ያው ለአንድ ሳምንት ጠልቼዎት ነበር። ወረቀቱን አልጋ ሥር ጥዬው «ምን ያውቃል ይሄ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ» እያልኩ ስዞር ከረምኩ።

ከዚያ ወባ ጣለኝ። ትኩሳቱ ሲያቃጥለኝ ክሊኒክ ተኛሁ፣ ስንት ቀን እንደሆነ አላውቅም። ስነቃ ነርሷ አጠገቤ ቆማለች። ከአፌ የወጣችው የመጀመሪያ ቃል «ዛሬ ምን ቀን ነው?» የምትል ናት። «ሐሙስ» አለችኝ። እኔ ረቡዕ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከእጄ አምልጣ ሄዳለች! ሳቄ መጣ፣ ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣ ነርሷ ትኩሳቱ አእምሮዋ ላይ ወጣ ብላ ሐኪም ጠራች።

ከአልጋ ሥር አውጥቼ ከመጀመሪያው ጻፍኩት። አሁን በመርከቡ ላይ ቀን የምትቆጥር አሮጊት አለች። ፀሐይ በሌለበት፣ በየንጋቱ ገመድ ላይ ቋጠሮ ትቋጥራለች፤ ሕፃናቱ ሁሉ ስማቸውን የሚያገኙት ከሷ ቋጠሮ ነው። አንዴ ታማ አንድ ቀን ሙሉ ትተኛለች። ሳታውቅ ትነቃለች፣ ሳታውቅ ትቋጥራለች። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ያቺ የፓምፗ ልጅ የሞተሩን መዝገብ ስታገላብጥ አንድ ቀን እንደጎደለ ትደርስበታለች። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ሁሉ የሰው ስም ነው የተሸከመው። እነሱ ማክሰኞ ብለው ያረፉበት ቀን ረቡዕ ነበር፣ በእውነተኛው ማክሰኞ ሁሉ ሲያጠምዱ ኖረዋል። አሮጊቷም አሁንም በሕይወት አለች፣ ሁሉም ይወዷታል። ይንገሯት?

እዚያ ላይ ላቁም፣ የቀረውን ያንብቡት። እስከ ሰኔ መጨረሻ ግን ቃልዎን እፈልጋለሁ። ለምን አይበሉኝ።

ኤኩዋ


አፓም፣ ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ለኤኩዋ፣

ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ፍርዴን ግን አልነግርሽም። የሚወድ ሰው ምላስ ውሃና አረቄ አይለይም፤ አንዴ አይተነዋል፣ ሁለተኛ አልደግመውም። ስምሽ ያለበትን የመጀመሪያውን ገጽ ቀድጄ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ሦስት ማክሰኞ ታገሺኝ።

ዎፋሽ ኤቦ


ቦልጋታንጋ፣ ዓርብ፣ ሰኔ 12

ለዎፋ ኤቦ፣

ምን ማለት ነው ቀደድኩት? ጤና ነዎት? «ሦስት ማክሰኞ» ብለው ዝም? ሰው እንዲህ ይደረጋል? ክፍል ውስጥ የስበት ሕግ እያስተማርኩ ሦስት ጊዜ «ማክሰኞ» ብዬ ጽፌአለሁ ሰሌዳው ላይ።

እሺ፣ የደበቅሁትን ላውጣ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር ግን አልቻልኩም። ከእርስዎ በፊት ለማንም አላሳይም ያልኩትን አፍርሻለሁ። ወባው ሲለቀኝ፣ ሞቅ ብሎኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ኩማሲ ላለ አንድ አሳታሚ ላክሁ። «እናትመዋለን» አሉኝ። ውሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ እስከ ሰኔ 30 ፈርመሽ መልሺ ብለውኛል። አልፈረምኩም። እሺ የሚል ሰው ፊትም አግኝቼ ነበር፣ ምን እንዳመጣብኝ ያውቁታል። እርስዎ ውሃ ካሉኝ ውሉን ባዶውን እመልሰዋለሁ፤ ማንም፣ የሚወደኝን ሰው ጨምሮ፣ ሁለተኛ አያስቅብኝም።

ይፍጠኑልኝ፣ እባክዎን።

ኤኩዋ


አፓም፣ ረቡዕ፣ ሰኔ 24

ለኤኩዋ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ማታ ገባ፣ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ። ስለዚህ የአሳታሚሽ ወሬ ማንንም አላባበለም። በሥርዓቱ ልንገርሽ፣ አታቋርጪኝ።

ጽሑፍሽን ዛፉ ሥር ይዤ ወረድኩ። «የማን ነው?» አሉኝ በእጃቸው። «ታኮራዲ ያለ አንድ ሰው የጻፈው ነው፣ አላውቀውም» አልኳቸው። ይቺን ውሸት እግዜር ይቅር ይበለኝ። ላንቺ ብዬ ሳይሆን ለፍርዱ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ አሮጊቷ ቋጠሮዋን ስትጀምር፣ ሦስት መርፌ ቆመ። ሕፃኑ ሲወለድ ሰባት። ከቀዛፊዋ በለጥሽ ማለት ነው፣ እኔ ግን ፊቴን እንደ ድንጋይ አድርጌ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ልጅቷ የጎደለውን ቀን ስታገኝ፣ ወረቀቱን አጥፌ «ለዛሬ ይብቃን» አልኩ። ኤኩዋ፣ ሊደበድቡኝ ነበር። የአሳ አጥማጆቹ አለቃ ብድግ ብሎ ብብቴ ሥር ያለውን ወረቀት ሊነጥቀኝ ታገለ፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ! ሳምንቱን ሙሉ ወደብ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። ግማሹ «ልጆቹ ስማቸውን ይቀይሩ» ይላል፣ ግማሹ «ሰው የተጠራበት ነው ስሙ» ይላል። ሁለት ወንድማማቾች በዚህ ተኳርፈው በየታንኳቸው ለየብቻ ወጡ። የአለቃው ጭንቀት ሌላ ነው፦ «ዐሥራ ስድስት ዓመት ማክሰኞ ማክሰኞ አጥምደው ባሕሩ ምን አላቸው?» እያለ እኔን ይጠይቃል፣ እኔ የጻፍኩት ይመስል።

ትናንት ሦስተኛው ነበር። ከሙምፎርድ ሁሉ ሰው መጥቷል፣ የበቆሎ ኬንኬይ ሻጮቹ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ልጆቹ ተሰብስበው የጎደለችውን ቀን ሊነግሯት አሮጊቷ ዘንድ ሲገቡ፣ እሷም ገመዱን ስትዳስስ፣ ያነበብኩበትን ገጽ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቀና ብዬ አየሁ። ኤኩዋ፣ አንድ መርፌ አይንቀሳቀስም። አንድም። አርባ ምናምን ወንድ መረቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ፈዞ ቀርቷል። እኔ ጆሮ የለኝም፣ ያንን ጸጥታ ግን ሰማሁት።

ከዚያ የጭስ ሽታ መጣ። አራባ ናት። ሰላሳ ዓመት አሳ ስታጨስ አንድ ሳርዲን አቃጥላ የማታውቀው አራባ፣ የሰኞውን አሳ በሙሉ ምድጃው ላይ ረስታ እያለቀሰች ተቀምጣለች። እሳቱን ለማጥፋት ስንሮጥ እንኳ ወረቀቱን ይዛ «አንብብ! አንብብ!» ትለኛለች፣ አፏን አይቼ ነው ያወቅሁት።

ሲያልቅ ከኪሴ ያቺን የተቀደደች ገጽ አወጣሁ። «የእህቴ ልጅ ናት» አልኩ፣ «ያቺ አክራ የተሳቀባት።» አለቃው ገጿን ተቀብሎ ስምሽን በጣቱ ዳሰሰው፣ ማንበብ ሳይችል። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ ወዘወዘኝ፣ ገና አሁንም ያመኛል።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ትናንት መረብ የጠገነ ስላልነበረ የአፓም ታንኳ ግማሹ አሸዋ ላይ ቆሟል፤ ሚስቶቻቸው አንቺን እየረገሙ ነው። አራባ ከዚህ ጋር አንድ አሳ ልካልሻለች። ከሰል ነው፣ አትብዪው። «አስቀምጪው በያት» ብላለች፣ «ሽልማት ነው።»

እንግዲህ ዛሬ በቀንሽ፣ ውሃ ባንጠባጠብኩበት ጣቴ እጽፍልሻለሁ። አረቄ ነው። ፈርሚ።

ዎፋሽ ኤቦ


ቦልጋታንጋ፣ ሰኞ፣ ሰኔ 29

ለዎፋ ኤቦ፣

ፈረምኩ።

አሳው ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፣ ክፍሉ በሙሉ ይሸታል፣ ጎረቤቴ ድመቷን ከደጄ መጥራት አቅቷታል። አላወርደውም። አክራ ለነዚያ ሰዎች ልኬላቸው ባሸተቱት እንዴት ደስ ባለኝ።

አሳታሚዎቹን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፣ ግራ ቢገባቸውም እሺ ብለዋል። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት የሚወጣው ማክሰኞ ቀን ነው። ስምንተኛው ቀን እንግዲህ ማክሰኞ ይውላል፣ ባሕር የሚወጣ የለም፣ ሁሉም ዛፉ ሥር ናቸው። ስም እንዲወጣለት ይዤው እመጣለሁ። ለአለቃው ይንገሩልኝ፣ ለአራባም፤ ምድጃዋን ግን አጥፍታ ትምጣ።

እርስዎ ውሃና አረቄውን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ። ጣትዎን ይታጠቡ፣ የሞተር ዘይት እንዳይቀምስ ልጄ።

የረቡዕ ልጅ፣ ኤኩዋ